«ሳትበክት ቢላ ይድረስላት!» ከማለታችን በፊት



በዛሬው የጤናና የአመጋገብ ዓምዳችን ብዙዎቻችን በግቢያችን ስለምናረባቸው ዶሮዎችና ስለሚያጠቃቸው የአንጀት በሽታ እናወጋለን። «የዶሮ በሽታ ከእኛ ጤና ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚል ወንድም ወይም እህት ቢኖር እስከ መጨረሻው ይታገሠን፤ መገናኘቱን ኢንሻአላህ ያየዋል።

በብዙ ግቢ የሚታየውን እናስታውስ። ከፈጅር ሰላት በኋላ የቤቱ እናት የዶሮ ቤቱን በር ትከፍታለች። ሌላ ቀን ተጋፍተው ከሚወጡት ታዳጊዎች መካከል ሁለቱ ጥግ ይዘው ኩርምት ብለዋል። ክንፋቸውን ጥለዋል፣ ዐይናቸውን ጨፍነዋል። ጉዝጓዙ ላይ ደም የመሰለ ኩስ ይታያል። ጎረቤት ብቅ ትልና «ምን ትጠብቂያለሽ? ሳትበክት ቢላ ይድረስላት እንጂ!» ትላለች። ቢስሚላህ ተብሎ ይታረዳል፤ ለልጆች ይቀቀላል። በማግስቱ ሌሎች አራት ኩርምት ይላሉ። ሳምንት ሳይሞላ የዶሮ ቤቱ ባዶ ይሆንና «ፈንግል ጨረሰብኝ» ተብሎ ይታለፋል።

ነገር ግን ያ በሽታ ፈንግል ላይሆን ይችላል። ፈንግል መድኃኒት የለውም፤ በኩስ ላይ ደም የሚያሳየው በሽታ ግን በጊዜ ከተደረሰበት የሚድን ነው። ሁለቱን ባለመለየት ብቻ የሚጠፋው ንብረት ብዙ ነው። ከንብረቱም በላይ የልጆቻችን ምግብ ነው የሚጠፋው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይዟል፤ ሥጋ በየቀኑ መግዛት ለማይችል ቤተሰብ ደግሞ የጓሮዋ ዶሮ ለልጆች ዕድገት ትልቅ ድጋፍ ናት።

የእንስሳዋም ሐቅ አለ

የያዝነው እንስሳ አማና ነው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ድመት አስራ፣ ሳታበላትና በምድር ላይ ያለውን ፈልጋ እንድትበላም ሳትለቃት ስለገደለቻት ሴት ቅጣት ነግረውናል። ዶሮን በጠባብ፣ እርጥብና ቆሻሻ ቤት ዘግቶ በበሽታ እንድታልቅ መተው ከዚህ ሐዲስ ምን ያህል ይርቃል? እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ። በሌላ በኩል ለተጠማ ውሻ ውኃ ያጠጣ ሰው አላህ ምሕረት እንዳደረገለት፣ ነፍስ ላለው ሁሉ በሚደረግ በጎ ነገር አጅር እንዳለም በሐዲስ ተነግሮናል። እንግዲህ ለታመመች ዶሮ ንጹሕ ውኃ ማቅረብ፣ ከብርድ ማስጠለልና መድኃኒት መፈለግም ንያ ከተስተካከለ አጅር የሚገኝበት ሥራ ነው።

አላህ መድኃኒት ሳያወርድለት ያወረደው በሽታ እንደሌለም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ሰበቡን ማድረስ የእኛ ድርሻ ነው፤ ሺፋው ከአላህ ነው።

መጀመሪያ ጤነኛውን ኩስ እንወቅ

በሽታን ለመለየት ጤነኛው ምን እንደሚመስል ማወቅ ይቀድማል። የጤነኛ ዶሮ ኩስ ቅርጽ ያለው፣ ቡናማ ወይም ግራጫ ሆኖ ጫፉ ላይ ነጭ ነገር ያለበት ነው። ነጩ የሽንቷ ክፍል ነው። ዶሮ ሽንቷን ለብቻው ስለማትሸና ከኩሱ ጋር አብሮ ይወጣል።

ከዚህ ሌላ በቀን ጥቂት ጊዜ የምትጥለው፣ እንደ ቸኮሌት የጠቆረ፣ የሚያጣብቅና ሽታው ከባድ የሆነ ኩስ አለ። ይህም ጤነኛ ነው። የዶሮ አንጀት መጨረሻው አካባቢ ሁለት ዝግ ከረጢቶች አሉት፤ ይህ ኩስ የሚመጣው ከእነርሱ ነው። ብዙ ሰው እሱን አይቶ «ተቅማጥ ያዛት» ብሎ ይደነግጣል። ሙቀት በበዛበት ቀንም ዶሮ ብዙ ውኃ ስለምትጠጣ ኩሷ ይቀጥናል። ስለዚህ ኩሱን ብቻ ሳይሆን ዶሮዋንም እዩ። የምትበላ፣ የምትጭር፣ ስትቀርቧት የምትሸሽ ከሆነች አትደንግጡ።

የሚያስደነግጠው ሌላ ነው። መኖ ስታቀርቡ ያልመጣች፣ ላባዋን ነፍታ የቆመች፣ ራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ የገረጣ፣ ከጅራቷ ሥር ያለው ላባ በኩስ የተጨማለቀ፣ ስትይዟት የደረት አጥንቷ እንደ ቢላ ስል የሆነባችሁ ዶሮ በእርግጥ ታማለች።

ደም ያለበት ኩስ፡ ኮክሲዲዮሲስ

በኩስ ላይ ደም ስታዩ በመጀመሪያ የምትጠረጥሩት ኮክሲዲዮሲስ የሚባለውን በሽታ ነው። የሚያመጣው አይሜሪያ የተባለ በዐይን የማይታይ ጥገኛ ተውሳክ ሲሆን፣ ዶሮን የሚያጠቁ 7 ያህል የታወቁ ዓይነቶች አሉት። ከመካከላቸው ቀይ ደም የሚያስቀምጠው ዓይነት ቀደም ሲል የጠቀስናቸውን ሁለት ዝግ ከረጢቶች ያጠቃል። ሌሎቹ ከፍ ብሎ ባለው የአንጀት ክፍል ስለሚኖሩ ደም ላይታይ ይችላል፤ ኩሱ ውኃማ ወይም ዝልግልግ ይሆናል፣ ጫጩቶቹም ይቀጭጫሉ። ስለዚህ «ደም የለውምና ኮክሲዲዮሲስ አይደለም» ማለት አይቻልም።

አብዛኛውን ጊዜ የሚታመሙት ከ3 እስከ 6 ሳምንት ዕድሜ ያላቸው ጫጩቶች ናቸው፤ ከዚያ ከፍ ያሉ ታዳጊዎችም ይያዛሉ። በየመንደሩ ገዝተን የምናመጣቸው የ45 ቀን ጫጩቶች ገና በዚሁ የአደጋ ዕድሜ አካባቢ መሆናቸውን ልብ በሉ። መኪና ላይ ተጨናንቀው ደክመው ይመጣሉ፤ አዲስ ግቢ፣ አዲስ መኖ፣ አዲስ ብርድ ይጠብቃቸዋል። በሽታውም ይህን ድካም ይጠቀምበታል።

ተውሳኩ እንዴት ይዛመታል? የታመመች ዶሮ በኩሷ የተውሳኩን እንቁላል መሰል ዘር ትጥላለች። ዘሩ እንደወጣ ወዲያው አያሳምምም። እርጥበት፣ ሙቀትና አየር ካገኘ ግን በ1 ወይም 2 ቀን ውስጥ ለማሳመም ይደርሳል። ሌሎቹ ዶሮዎች ሲጭሩና ሲለቅሙ ይውጡታል፤ በአንጀታቸው ግድግዳ ውስጥ ገብቶ በሺዎች ይባዛል። ከ4 እስከ 7 ባሉት ቀናት ውስጥም ሕመሙ ይታያል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ ዛሬ ሁለት ዶሮ ስትታመም ሌሎቹ ቀድመው ውጠውታል፤ ስለዚህ ሕክምናው ለሁሉም ነው። ሁለተኛ፣ ጉዝጓዙ ደረቅ ከሆነ ዘሩ ለማሳመም አይደርስም። የውኃ መጠጫው ዙሪያ ያለው እርጥብ ቦታ የበሽታው ዋና ማዕከል ነው።

በረኪና ይህን ዘር እንደማይገድለው ብዙ ሰው አያውቅም። የሚጎዳው ድርቀት፣ ኃይለኛ ፀሐይና የፈላ ውኃ ነው።

ደስ የሚለው ደግሞ የዶሮ አይሜሪያ ወደ ሰው አይተላለፍም። በጉንም ሆነ ፍየሏን አይዝም። ይሁን እንጂ ይህ «ኩሱ ንጹሕ ነው» ማለት አይደለም፤ ወደዚህ እንመለሳለን።

ከሌሎቹ በሽታዎች እንዴት እንለየው?

ፈንግል፡ ኩሱ አረንጓዴና ውኃማ ይሆናል። ነገር ግን ፈንግል በአንጀት ብቻ አይወሰንም። ዶሮዋ አፏን ከፍታ ታቃስታለች፣ አንገቷ ይጠመዘዛል፣ እግሯ ወይም ክንፏ ይሰንፋል። ትልቁም ትንሹም በአንድ ጊዜ ይወድቃል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ የመንደሩ ዶሮ ሊያልቅ ይችላል። ቫይረስ ስለሆነ የሚያድነው መድኃኒት የለም፤ መከላከያው ክትባት ብቻ ነው። የታመመች ዶሮ የነካ እጅ ዐይን ቢያሽ ለጥቂት ቀን ዐይን ሊያቀላ ይችላል።

ነጭ ተቅማጥ፡ ከተፈለፈሉ ገና 2 ወይም 3 ሳምንት ባልሞላቸው ጫጩቶች ላይ ነጭ ኩስ ከጅራታቸው ሥር ደርቆ ከተጣበቀና ተራ በተራ ከሞቱ፣ ከእናትየዋ በእንቁላል በኩል የሚተላለፍ የሳልሞኔላ ዓይነት ይጠረጠራል። የ3 እስከ 6 ሳምንት ጫጩቶች በድንገት ነጭ ውኃማ ተቅማጥ ቢይዛቸው ደግሞ ጉምቦሮ የሚባለው የቫይረስ በሽታ ሊሆን ይችላል። ይህኛውም መከላከያው ክትባት ነው።

ቢጫና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ተቅማጥ፡ በትልልቅ ዶሮዎች ላይ ሲታይና የራሳቸው ሥጋ ሲገረጣ የዶሮ ታይፎይድ ይጠረጠራል። የሰው ታይፎይድ የሚመጣው ከሌላ የሳልሞኔላ ዓይነት ስለሆነ ሁለቱን አናምታታ።

ወስፋትና ኮሶ፡ ዶሮዋ ትበላለች፤ ነገር ግን አትወፍርም፣ እንቁላል ትቀንሳለች። አንዳንዴ ኩሷ ላይ ነጭ ረጅም ትል ይታያል። ይህ ቀስ ብሎ የሚጎዳ ነው፤ ከባለሙያ በሚገኝ የትል መድኃኒት ይድናል።

ምልክቶቹ እንደሚመሳሰሉ ግልጽ ነው። እርግጠኛ ለመሆን ኩሱን በማይክሮስኮፕ ማየት ወይም የሞተችውን ከፍቶ አንጀቷን መመርመር ያስፈልጋል። ትኩስ ኩስ በንጹሕ ላስቲክ ቋጥራችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው የእንስሳት ክሊኒክ ውሰዱ። በኮምቦልቻ፣ በባሕር ዳር፣ በአሰላ፣ በበደሌና በሶዶ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪዎች ስላሉ ባለሙያው ካስፈለገ ወደዚያ ይልከዋል።

ደም ባየንበት ቀን ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የታመሙትን ለዩ። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የታመመ ግመል ያለው ሰው ጤነኛ ግመል ወዳለው እንዳያመጣ ከልክለዋል። ትምህርቱ ለዶሮም ይሠራል። የታመሙትን ደረቅ፣ ሞቅ ያለና ነፋስ የማይመታው ሣጥን ወይም ክፍል ውስጥ አድርጉ። መጀመሪያ ጤነኞቹን፣ በመጨረሻ የታመሙትን አስተናግዱ፤ ከዚያ እጃችሁንና ጫማችሁን ታጠቡ።

ሁለተኛ፣ እርጥቡን ጉዝጓዝ በሙሉ አውጡ። ጭዱን ወይም ሰጋቱራውን ዶሮ በማይደርስበት ቦታ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ ጠርጋችሁ የፈላ ውኃ አፍስሱበት፤ በደንብ ሲደርቅ አዲስ ደረቅ ጉዝጓዝ አልብሱት። መጠጫውንና መመገቢያውን በፈላ ውኃ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁ።

ሦስተኛ፣ መድኃኒቱን በዕለቱ ጀምሩ። ለኮክሲዲዮሲስ በስፋት የሚታዘዘው አምፕሮሊየም ነው፤ በእንስሳት መድኃኒት ቤት ይገኛል። በውኃ የሚሰጥበት ምክንያት አለው። የታመመች ዶሮ መብላት ብታቆምም መጠጣቷን ትቀጥላለች።

መጠኑ እንደ ዱቄቱ ጥንካሬ ስለሚለያይ እሽጉ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። 20 በመቶ ለሆነው ዱቄት የተለመደው መጠን ለ1 ሊትር ውኃ 0.6 ግራም ነው፤ ለ5 ሊትር 3 ግራም ማለት ነው። ከ5 እስከ 7 ቀን ይሰጣል። ከዚያ በግማሽ ተቀንሶ ለ5 ሊትር 1.5 ግራም ሆኖ ለ1 ወይም 2 ሳምንት ይቀጥላል። በሽታው ከጠና ባለሙያው በመጀመሪያዎቹ ቀናት መጠኑን ሊያሳድገው ይችላል፤ ይህን በራሳችሁ አታድርጉ። በማንኪያ ከመገመት መድኃኒት ቤቱ በየቀኑ የሚበቃችሁን መዝኖ እንዲቋጥርላችሁ ጠይቁ። በየጠዋቱ አዲስ በጥብጡ፣ የተረፈውን ድፉ፣ በእነዚያ ቀናት ሌላ ውኃ አታቅርቡላቸው። ለሁሉም ስጡ፤ ለታመሙት ብቻ አይደለም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። አምፕሮሊየም ተውሳኩን የሚያዳክመው ቫይታሚን ቢ1 እንዳያገኝ በመከልከል ነው። ስለዚህ በሕክምናው ቀናት ቢ1 ያለበት የቫይታሚን ዱቄት አብሮ ከተሰጠ የመድኃኒቱን ሥራ ያፈርሳል። ቫይታሚኑን ሕክምናው ሲያልቅ ስጡ።

አራተኛ፣ ያልሆነ መድኃኒት አትስጡ። ከሰው ፋርማሲ የቴትራሳይክሊን እንክብል ገዝቶ ፈትቶ በውኃ መስጠት የተለመደ ነው። ቴትራሳይክሊን ባክቴሪያን እንጂ ኮክሲዲዮሲስን አያድንም። ገንዘብና ቀን ይባክናል፤ በግቢያችን ያሉት ባክቴሪያዎችም መድኃኒቱን ይለምዱታል፣ ነገ ልጃችን ሲታመም እንዳይሠራ ያደርጉታል። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦና ጥቁር አዝሙድ በመኖ ላይ በመጠኑ ቢነሰነሱ የሚጎዱ አይደሉም። ሆኖም በቀናት ውስጥ ልትሞት የምትችል ጫጩት ይዞ እነሱን ብቻ መጠበቅ ሰበብ ማድረስ አይባልም።

አምስተኛ፣ የሞተችውን በየሜዳው አትጣሉ። ውሻና አሞራ ጎትተው ወደ ጎረቤት ያደርሱታል። ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ፣ ኖራ ካለ ነስንሳችሁ ቅበሩ። በአንድ ወይም ሁለት ቀን ውስጥ ብዙ ዶሮ ከሞተ ሳትዘገዩ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳውቁ።

አርዶ መብላቱስ?

አሁን ወደ ጎረቤታችን ምክር እንመለስ። በመጀመሪያ ድንበሩን እናስቀምጥ። በራሷ የሞተች ዶሮ በክት ናት፤ ሐራምነቷ በሱረቱል ማኢዳህ ቁጥር 3 ተደንግጓል። «አሁን ነው የሞተችው፣ ገና ትሞቃለች» ማለት አይጠቅምም።

ነፍሷ ሳይወጣ በሸሪዓው መሠረት የታረደችስ? ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ የከዕብ ኢብኑ ማሊክን (ረ.ዐ) በጎች ሰልዕ በሚባለው የመዲና ተራራ ትጠብቅ የነበረች አገልጋይ አንዷ በግ ልትሞት ስትል አይታ ድንጋይ ሰብራ በስለቱ አረደቻት። ከዕብም ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሳይጠይቁ እንዳይበሉ ቤተሰባቸውን አዘዙ፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) እንድትበላ ፈቀዱ። ስለዚህ የጎረቤታችን ንግግር ከመሠረቱ ስሕተት ነው ማለት አንችልም። ለዝርዝሩ የአካባቢያችሁን ዑለማዎች ጠይቁ።

ይሁን እንጂ አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ ቁጥር 168 ሰዎች በምድር ካለው ሐላልና ጠይብ የሆነውን እንዲበሉ አዟል። ሐላል ብቻ አልተባለም፤ ጠይብም ተብሏል። ራስንም ሌላውንም አለመጉዳት ደግሞ የዲናችን መሠረት ነው። በጉዳት ወይም በአደጋ ልትሞት ያለች ጤነኛ እንስሳና ምን እንደያዛት ያልታወቀች ተቅማጥ ያለባት ዶሮ አንድ አይደሉም። የሁለተኛይቱ አንጀት ሳልሞኔላና መሰል ባክቴሪያዎችን ሊይዝ ይችላል። ስትታረድና ላባዋ ሲነጭ፣ አንጀቷ ሲወጣ ኩሱ እጅን፣ ቢላውን፣ መክተፊያውንና በአጠገቡ ያለውን ሰላጣ ይነካል። ወጡ ለረጅም ሰዓት ስለሚንተከተክ ባክቴሪያው ይሞታል፤ መክተፊያው ላይ ያለውን ግን ማንም አይቀቅለውም። በዚህ መንገድ በመጀመሪያ የሚታመሙት ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና አረጋውያን ናቸው።

መድኃኒቱም ሌላ ጉዳይ ነው። መድኃኒት የጀመረች ዶሮ «አልሻላትም» ተብላ በሦስተኛው ቀን ስትታረድ በሥጋዋ ውስጥ ያለው መድኃኒት ወደ ቤተሰቡ ይገባል። በአብዛኛው የእንስሳት መድኃኒት እሽግ ላይ ሥጋውና እንቁላሉ ሳይበላ የሚቆይበት የቀን ብዛት ይጻፋል። አንዳንድ የሰልፋ መድኃኒቶች እንቁላል ለሚጥሉ ዶሮዎች ጨርሶ አይሰጡም። መድኃኒት ስትገዙ «ስንት ቀን ከሥጋና ከእንቁላል እንቆጠብ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቀኑንም ግድግዳ ላይ ጻፉት።

ስለ ጀላላ የተነገረውንም እዚህ እናስታውስ። ጀላላ የሚባለው መኖው በአብዛኛው ቆሻሻ የሆነ እንስሳ ነው። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ሥጋውንና ወተቱን መመገብ ተከልክሏል። ዐብደላህ ኢብኑ ዑመርም (ረ.ዐ) ቆሻሻ የምትበላን ዶሮ ሊበሏት ሲሹ ለ3 ቀን ያግዷት እንደነበር ተዘግቧል። በሌላ በኩል አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) ዶሮ ቀርቦላቸው ሳለ አንድ ሰው ዶሮ ቆሻሻ ስትበላ አይቻለሁ ብሎ ሲርቅ፣ እሳቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዶሮ ሲበሉ ማየታቸውን ነግረውታል። ከሁለቱ የምንማረው ዶሮን ሳንጸየፍ፣ መኖዋንና ማደሪያዋን ግን ማጽዳት እንዳለብን ነው።

የታመመችውን ገበያ ወስዶ መሸጥስ? እርጥቡን እህል ከሥር ደብቆ የሚሸጠውን ነጋዴ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንዴት እንደገሠጹት ታውቃላችሁ። ነውሯን ደብቆ የታመመች ዶሮ መሸጥ ያው ነው። በሽታውንም በአንድ የገበያ ቀን ለአሥር መንደር ያድላል።

ልጆችና ማዕድ ቤት

ደኅና የምትመስል ዶሮም ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉትን ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያዎች ሳትታመም ልትሸከም ትችላለች። የሚድኽ ሕፃን ኩስ የነካ እጁን አፉ ውስጥ ሲያስገባ ይታመማል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ በገጠር ኢትዮጵያ ላይ የተደረገ ጥናት ዶሮ ማርባት ከልጆች የተሻለ ቁመት ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ዶሮዎቹ ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ የሚያድሩ ከሆነ ግን ግንኙነቱ ተቃራኒ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ እንቁላሉን ለልጁ፣ ዶሮዋን ለራሷ ቤት እንስጥ። ሌባና ቀበሮ ቢያሰጉን እንኳ ከቤቱ ግድግዳ ጋር ተያይዞ የሚሠራ፣ በር ያለው ቆጥ ይበቃል።

እንቁላል እስኪጠነክር ድረስ ቀቅሉ፤ የተሰነጠቀውን አትብሉ። ዶሮ ስታጥቡ ውኃው ወደ ዳቦና ሰላጣ እንዳይረጭ ተጠንቀቁ። ቢላውንና መክተፊያውን በሙቅ ውኃና በሳሙና እጠቡ። ዶሮ ቤት ከገባችሁ በኋላም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ዉዱእ ስናደርግ እጃችንን የምናጥበው ለዒባዳ ነው፤ ዶሮ ቤት ለነካ እጅ ግን ሳሙና ያስፈልጋል።

እንዳይመለስ ምን እናድርግ?

ጉዝጓዙ ሁልጊዜ ደረቅ ይሁን፤ በየዕለቱ ይገላበጥ፣ የረጠበው ይነሣ። መጠጫውን በጡብ ወይም በእንጨት ላይ ከፍ አድርጉት፤ ኩስ አይገባበትም፣ ውኃውም አይደፋም። መኖ መሬት ላይ አትበትኑ። ጫጩቶችን ከትልልቆቹ ለዩ፤ ትልልቆቹ በሽታውን ስለለመዱት ሳይታመሙ ዘሩን ይጥላሉ። አዲስ የገዛችሁትን ዶሮ 2 ሳምንት ለብቻው አቆዩ። በክረምት ጣሪያው እንደማያፈስ ከሰኔ በፊት አረጋግጡ።

ክትባትን አትርሱ። የፈንግል ክትባት በቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ይመረታል። ጫጩቶች በመጀመሪያው ሳምንት በዐይን ጠብታ፣ ከዚያም በ4ኛው ሳምንት አካባቢ ይከተባሉ፤ በኋላም በየጥቂት ወሩ ይደገማል። ቀኑን ባለሙያው ያስይዛችሁ። ክትባቱ ለጤነኛ ዶሮ እንጂ ለታመመች አይሰጥም።

እዚህ ላይ አንድ ሐሳብ እናቅርብ። አንድ ብልቃጥ ክትባት ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ሲሆን፣ ከተከፈተ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። አምስት ዶሮ ያላት እናት ለብቻዋ ልታስከፍተው አትችልም። ከጁሙዓ ሰላት በኋላ የአንድ መስጊድ ጀመዓ ተነጋግሮ ቀን ቢቆርጥ፣ ባለሙያውን አንድ ጊዜ ቢጠራ፣ ወጪውንም ቢከፋፈል መንደሩ በሙሉ በአንድ ቀን ይከተባል። የጎረቤቴ ዶሮ ካልተከተበች የእኔም አትድንም። አቅም የሌላት ጎረቤትም ድርሻዋ ቢሸፈንላት ሰደቃ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ነገ ጠዋት የዶሮ ቤታችሁን ስትከፍቱ ጎንበስ ብላችሁ ጉዝጓዙን እዩ። ደም ካያችሁ ከቢላው በፊት ለይቶ ማኖሩ፣ ጉዝጓዝ መቀየሩና መድኃኒት ቤት መሮጡ ይቅደም። ያች ዶሮ ድና ብትተርፍ ከአንድ ቀን ወጥ ይልቅ የብዙ ወር እንቁላል ለልጆቻችሁ ትሰጣለች።

አላህ ሐላልና ጠይብ ከሆነው ሪዝቅ ያብላን፤ ልጆቻችንንና ንብረታችንን ይጠብቅልን። ወሏሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።